ረጅሙ ስንጥር

ዓርብ፣ ሜይ 5 ቀን 2017። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የኖርዘምበርላንድ ምክር ቤት ምርጫ ድምፅ እየተቆጠረ ነው። ብላይዝ ከምትባል የወደብ ከተማ የመጣ አንድ የምርጫ ክልል ግን አልለይ ብሏል። ክልሉ ደቡብ ብላይዝ ይባላል። የሊበራል ዴሞክራቶቹ ዕጩ ሌስሊ ሪከርቢ 356 ድምፅ አግኝተዋል። የወግ አጥባቂው ፓርቲ ዕጩ ዳንኤል ካርም 356። ቆጣሪዎቹ ወረቀቱን እንደገና ቆጠሩ፤ እኩል ሆነ። ለሁለተኛ ጊዜ ደገሙት፤ አሁንም 356 ለ356።

ያን ጊዜ ሁለት ስንጥር ተዘጋጀ፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ረጅሙን የመዘዘ ወንበሩን ይወስዳል። ሪከርቢ ረጅሙን መዘዙ።

ለሳምንታት የሰው በር ሲያንኳኩ የከረሙ ሁለት ዕጩዎች፣ ከሥራ በፊት ወይም ከሥራ በኋላ ጊዜ ወስደው የመረጡ 712 ሰዎች፣ አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ሙሉ የተንቀሳቀሰ የምርጫ ሠራተኛ፣ ይህ ሁሉ በመጨረሻ በጣት መካከል በተያዘች ቀጭን ነገር ተቋጨ። የተሸናፊው ሕመም ደግሞ የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። ምክር ቤቱ ያን ጊዜ 67 ወንበር ነበረው፤ ብቻውን ለመምራት የሚሻ ፓርቲ 34 ያስፈልገው ነበር። ወግ አጥባቂዎቹ በዚያ ቀን ያገኙት 33 ነው። ሌበር ፓርቲ 24፣ የግል ተወዳዳሪዎች 7፣ ሊበራል ዴሞክራቶች ደግሞ የሪከርቢን ጨምረው 3 ያዙ። ከስኮትላንድ ድንበር ጀምሮ እስከ ኒውካስል ደጃፍ የተዘረጋ ሰፊ አውራጃ በማን እጅ ሙሉ በሙሉ ይሁን የሚለው ጥያቄ በአንዲት ስንጥር ርዝመት ላይ ወድቆ ነበር።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው እንደ ጉድ ነው። "እንግሊዞች ምርጫቸውን በዕጣ ጨረሱ" ተብሎም ይደነቅበታል። እኔን የሚገርመኝ ግን ስንጥሯ አይደለችም። ወደ ስንጥሯ ከመደረሱ በፊት የታለፈው መንገድ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ያን ቀን ቤታቸው የቀሩት ሰዎች።

የእንግሊዝ ድምፅ ቆጠራ አይቶ ለማያውቅ ሰው፣ ነገሩ ከምርጫ ይልቅ የመጋዘን ቆጠራ ይመስላል። ምርጫው ዘወትር ሐሙስ ነው። ጣቢያዎቹ በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተከፍተው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ይዘጋሉ። የሚመረጠውም በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ አንዳንዴም በመጠጥ ቤት ነው። ሳጥኖቹ ታሽገው ወደ ቆጠራው አዳራሽ ሲደርሱ ማን አሸነፈ የሚለው ወዲያው አይጠየቅም። አስቀድሞ ከእያንዳንዱ ሳጥን የወጣው ወረቀት ብዛት፣ የጣቢያው ኃላፊ ሰጠሁ ብሎ ከመዘገበው ጋር ይመሳከራል። አንድ ወረቀት ቢጎድል የት ሄደ ይባላል፤ ቢተርፍም ከየት መጣ ይባላል። ሂሳቡ ሲገጥም ብቻ ወረቀቱ በየዕጩው ይለያል፣ በጥቅል በጥቅል ይታሰራል፣ ይቆጠራል።

ይህ ሁሉ የሚደረገው በተወዳዳሪዎቹና በታዛቢዎቻቸው ዓይን ሥር ነው። ከጠረጴዛው ማዶ ቆመው ያያሉ፤ ወረቀቱን ግን መንካት አይፈቀድላቸውም። አንዳንዱ ታዛቢ በደብተሩ ላይ እየጫረ የራሱን ግምት ይይዛል። ልምድ ያለው ገና ጥቅሎቹ ሲደረደሩ ውጤቱን ያሸታል፤ የአንዱ ቁልል ከሌላው ሲያጥር ከፊቱ ላይ ይነበባል። የደቡብ ብላይዝ ቁልሎች ግን ተስተካክለው ቆሙ።

ድምፅ እንዲህ ሲቀራረብ ክርክሩ ወደ አጠራጣሪዎቹ ወረቀቶች ይዞራል። ሕጉ ወረቀት የሚጥልበትን ምክንያት ቆጥሮ አስቀምጧል፦ የምርጫው ምልክት የሌለበት፣ ከሚገባው በላይ ዕጩ የተመረጠበት፣ መራጩ ማን እንደሆነ የሚያሳብቅ ጽሑፍ ያለበት፣ ባዶ የሆነ ወይም የመራጩ ሐሳብ ያልታወቀበት። ከዚህ ውጭ ያለው በተቻለ መጠን እንዲቆጠር ይደረጋል። በመስቀል ምልክት ፈንታ "ራይት" ያደረገ ሰው ድምፁ አይጣልም። ምልክቱ ከሳጥኑ ትንሽ ወጣ ቢልም አይጣልም። ጥያቄው "ይህ ሰው ማንን ፈልጎ ነው?" የሚል ነው እንጂ "ደንቡን በትክክል ፈጽሟል ወይ?" የሚል አይደለም። የምርጫው ኃላፊ ወረቀቱን አንስቶ ለሁሉም ያሳያል፣ ይወስናል፣ ያልተስማማም ተቃውሞውን ያስመዘግባል። ይህን የሕግ መንፈስ እወደዋለሁ። ማንበብ የሚያዳግታቸው አዛውንት በሚንቀጠቀጥ እጅ የሳሉት ምልክት፣ ፕሮፌሰሩ ቀጥ አድርገው ከሳሉት እኩል አንድ ነው።

በመጨረሻ ዕጩው ድጋሚ ቆጠራ ሊጠይቅ ይችላል። ከዚያ ወዲያ ግን ማብቂያ መኖር አለበት። ሕጉ ለዚህ ያለው ቃል አጭር ነው፦ ድምፅ እኩል ሆኖ አንድ ተጨማሪ ድምፅ አሸናፊውን የሚለይ ከሆነ፣ የምርጫው ኃላፊ ወዲያውኑ በዕጣ ይወስናል፤ ዕጣው የወጣለትም አንድ ተጨማሪ ድምፅ እንዳገኘ ተቆጥሮ ሥራው ይቀጥላል። ዕጣው በምን ይሁን የሚለውን አይናገርም። በስንጥር ሊሆን ይችላል፣ በሳንቲም፣ በካርታ፣ ወይም ስም ተጽፎበት በተጠቀለለ ወረቀት። "ወዲያውኑ" የምትለዋን ቃል ልብ ይሏል። ነገ አይደለም፣ ከፓርቲ ጋር ተመካክሮም አይደለም። እዚያው፣ ሁሉም እያየ።

ይህ አሠራር ሁልጊዜ አልነበረም። በድሮው ሕግ እኩል ድምፅ ሲመጣ የሚለየው የምርጫው ኃላፊ ራሱ ነበር። በ1886 በማንችስተር አቅራቢያ በምትገኘው አሽተን አንደር ላይን በተደረገ የፓርላማ ምርጫ፣ ወግ አጥባቂው ጆን አዲሰንና ሊበራሉ አሌክሳንደር ራውሊ እያንዳንዳቸው 3,049 ድምፅ አገኙ። ኃላፊው ድምፁን ለአዲሰን ሰጠ፤ አዲሰን ፓርላማ ገባ። እስቲ በተሸናፊው ቦታ እንሁን። ስድስት ሺህ ሰው መርጦ ሳይለያቸው፣ አንድ ባለሥልጣን በአንድ ቃል ጣለው። ዕጣ ቢጥለው ይሻለው ነበር። በዕጣ የተሸነፈ ሰው ማንንም አይጠላም፤ በሰው ፍርድ የተሸነፈ ግን የፈረደውን ሰው ፊት ዕድሜ ልኩን ያስታውሳል። ሕጉ በኋላ ሲለወጥ ይህን ሥልጣን ከሰው ላይ አንስቶ ለዕጣ መስጠቱ፣ ለእኔ ትልቅ ማስተዋል ነው።

ለአማርኛ አንባቢ ዕጣ ባዕድ ነገር አይደለም። በይሁዳ ምትክ አሥራ ሁለተኛው ሐዋርያ ሲተካ በዮሴፍና በማትያስ መካከል ዕጣ ተጣለ፤ ለማትያስም ወጣ። እቁባችን በዕጣ ይወጣል። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ስንት ቤተሰብ በአንድ ቀን አስለቅሶ በአንድ ቀን አስቆ አልነበር? በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ግን አንድ የጋራ ነገር አለ፤ ዕጣ የሚወጣው እኩል መብት ባላቸው መካከል ነው። ሐዋርያትም አስቀድመው የሚገባቸውን ሁለት ሰዎች ለይተው ነው ዕጣ የጣሉት። ደቡብ ብላይዝም እንደዚያው ነው። ዕጣው ምርጫውን አልተካውም፤ ምርጫው ሁለቱን ለይቶ ካቆመ በኋላ ነው የመጣው።

በሌላም አገር ተመሳሳይ ነገር ይሆናል። በዚያው በ2017 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ለክልሉ ምክር ቤት በተደረገ ምርጫ ዴቪድ ያንሲና ሼሊ ሳይመንድስ እኩል 11,608 ድምፅ አግኝተው፣ በጃንዋሪ 2018 የያንሲ ስም ከሳህን ውስጥ ወጣ። በዚያ ዕጣ ሪፐብሊካኖች ምክር ቤቱን 51 ለ49 ያዙ። በእንግሊዝም ከብላይዝ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በቤሪ ምክር ቤት የራምስቦተም ክልል እኩል ድምፅ በስንጥር ተለይቶ ሌበር ፓርቲ አብላጫውን አግኝቷል።

ወደ ብላይዝ እንመለስ፤ ከተማዋ ራሷ ታሪኩን ታጎላዋለችና። ከኒውካስል ወደ ሰሜን ምሥራቅ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወንዟ ከሰሜን ባሕር ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለች፣ ወደ 40 ሺህ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። የድንጋይ ከሰል ሠራት። ባቡሩ ከሰሉን ከጉድጓዶቹ አምጥቶ በእንጨት በተሠሩ ረጃጅም መጫኛ ድልድዮች ላይ ሆኖ በመርከብ ሆድ ውስጥ ይገለብጠው ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከአውሮፓ ታላላቅ የከሰል ወደቦች አንዷ ነበረች። ከዚያ ሁሉም በየተራ ሄደ። በ1964 የመንገደኛ ባቡሩ ቆመ። በ1986 ቤትስ የሚባለው የከሰል ጉድጓድ ተዘጋ። የኤሌክትሪክ ማመንጫው ጭስ መውጫዎች በ2003 ፈረሱ። በ2000 ከባሕሩ ዳር ወጣ ብሎ የብሪታንያ የመጀመሪያዎቹ የባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ ሁለት ብቻ፣ ተተከሉ። ትልቅ የባትሪ ፋብሪካ ይመጣል ተብሎ ተስፋ ተደርጎ፣ ብሪቲሽቮልት የተባለው ኩባንያ በጃንዋሪ 2023 ከሰረ። ባቡሩ ግን ተመልሷል፤ መስመሩ በዲሴምበር 2024 ለመንገደኞች ተከፈተ። ከስድሳ ዓመት በኋላ።

እንዲህ ያለ ከተማ ፖለቲካን ከሩቅ አያየውም። ደግሞም ብላይዝ ለጥቂት መሳትንም ለጥቂት ማምለጥንም ታውቃለች። የሌበሩ የፓርላማ አባል ኤዲ ሚልን በክልሉ የነበረውን ሙስና አጥብቀው በመጠየቃቸው ከራሳቸው ፓርቲ ጋር ተጣልተው፣ ፓርቲው ዕጩ አድርጎ አላቀርብም ሲላቸው በፌብሩዋሪ 1974 በግል ተወዳድረው አሸነፉ። በኦክቶበር እንደገና ምርጫ ሆነና በ78 ድምፅ ተሸነፉ። በ1987 የቀድሞው የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ሮኒ ካምቤል ወንበሩን ለሌበር ያቆዩት በ853 ድምፅ ነው። ካምቤል በጡረታ ሲለቁ፣ በዲሴምበር 2019 ሌሊት ወንበሩ በ712 ድምፅ ለወግ አጥባቂው ኢያን ሌቪ ሄደ። ያ ውጤት ሲነገር አገሪቱ የሌበር ግንብ መናዱን ያወቀችበት ቅጽበት ነበር። አጋጣሚው ይደንቃል፤ 712 በስንጥሯ ቀን ሁለቱ ዕጩዎች አንድ ላይ ያገኙት ድምፅ ነው።

እግር ኳሷ እንኳ እንደዚያው ነው። በፌብሩዋሪ 1978 ከዋናዎቹ ሊጎች ውጭ የሚጫወተው ብላይዝ ስፓርታንስ በእንግሊዝ ዋንጫ አምስተኛ ዙር ሬክሳምን በሜዳው 1 ለ0 ይመራ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የማዕዘን ምት ተመታ፤ ባንዲራው ግን በበረደው መሬት ላይ አልቆም ብሎ ወድቋልና ዳኛው ይደገም አሉ። በድጋሚው ጎል ገባ፤ አቻ ሆኑ። በመልሱ ጨዋታ ከ42 ሺህ በላይ ሕዝብ በኒውካስል ስታዲየም ተገኝቶ ብላይዝ 2 ለ1 ተሸነፈ። በከተማዋ ያችን ባንዲራ የማያውቅ የለም። በ2017 ዳንኤል ካር አጭሩን ስንጥር ሲመዝዙ፣ ባንዲራዋን ያስታወሰ ብላይዛዊ አልጠፋም ብዬ አስባለሁ።

የስንጥሯ ውጤት ምን አመጣ? የምክር ቤት ሥራ ዜና አይሞቅበትም፤ ቢሆንም ከፓርላማው ይልቅ ወደ ቤታችን ደጃፍ የሚቀርበው እሱ ነው። የቆሻሻ ገንዳው መቼ ይወሰድ፣ የመንገዱ ጉድጓድ ይደፈን ወይስ ይቆይ፣ ለአረጋዊቷ እናት ቤቷ ድረስ ረዳት ይላክ ወይስ አይላክ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ይዘጋ፣ ከሜዳው ላይ ቤት ይሠራ፣ ካውንስል ታክስ የሚባለው የአካባቢ ግብር በስንት ይጨምር፤ ይህ ሁሉ እዚያ ይወሰናል። ኖርዘምበርላንድ ከ2009 ወዲህ አንድ ወጥ ምክር ቤት ነው፤ ብላይዝ የነበራት የራሷ የወረዳ ምክር ቤት ያን ጊዜ ቀርቷል። ስለዚህ በብላይዝ የሚሆነውም የማይሆነውም ነገር አብዛኛው በሞርፐዝ ከተማ ካለው ሕንፃ ይወጣል።

ሕንፃውም ራሱ የክርክር ምንጭ ነበር። እስከ 2017 ምክር ቤቱን የመራው ሌበር፣ ዋና መሥሪያ ቤቱን ከሞርፐዝ አንስቶ ወደ ቀድሞዋ የከሰል ከተማ ወደ አሺንግተን ለማዛወር ወስኖ ነበር፤ ሠራተኛው በሙሉ ሲመጣ ገበያዋ ይነቃቃል በሚል። ወግ አጥባቂዎቹ በፒተር ጃክሰን መሪነት ሥልጣን ሲይዙ ዕቅዱን ሰረዙት። አርች የተባለውን የምክር ቤቱን የልማት ኩባንያም ዘግተው በሌላ ተኩት። ስለዚህ አብላጫ ባያገኙም መምራታቸው አልቀረም። ስንጥሯ የነፈገቻቸው ብቻቸውን የመወሰን ነፃነትን ነው፤ ከ67 ወንበር 33 የያዘ ፓርቲ ሌሎቹ በአንድ ላይ ሲነሱበት የሚመክትበት የለውም። በሴፕቴምበር 2020 ምክር ቤቱ በጃክሰን ላይ እምነት የለኝም ብሎ ከመሪነት አወረዳቸው። ለዚህ ሁሉ ተጠያቂዋ ስንጥሯ ናት አልልም፤ በሦስት ዓመት ውስጥ የሰው ጠብም የአሠራር ውዝግብም ገብቶበታል። ግን አንድ ወንበር ጨምረው ቢጀምሩ ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር ብሎ ማሰብ ስህተት አይሆንም። ሁለቱም ወገን ሲቆጥር የኖረው በዚያች አንዲት ወንበር ነው። በ2025 በተደረገው ምርጫም፣ የወንበሩ ቁጥር 69 ሲደርስ፣ ወግ አጥባቂዎች 26፣ አዲስ የመጣው ሪፎርም ዩኬ 23 ይዘው፣ አብላጫ ያገኘ አልነበረም።

ታዲያ ደቡብ ብላይዝን የወሰነው ማን ነው? ስንጥሯ ናት ማለት ይቀላል። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። በእንግሊዝ የአካባቢ ምርጫ ከተመዘገበው መራጭ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሲሶው አካባቢ ነው። ያን ሐሙስ ዕለት በደቡብ ብላይዝ ጎዳናዎች ላይ ሥራ ያመሸ ሰው ነበር። ልጅ ታሞበት የቀረ፣ "በሚቀጥለው ወር ደግሞ የፓርላማ ምርጫ አለ፣ ያኔ እመርጣለሁ" ያለ ሰው ነበር፤ ጠቅላላ ምርጫው በጁን 8 እንደሚሆን አስቀድሞ ተነግሯልና። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ከሶፋው ተነስቶ፣ ጫማውን አጥልቆ፣ እስከ ጣቢያው ተጉዞ ቢሆን ስንጥር አያስፈልግም ነበር። እሱ ሳይመጣ ሲቀር ነው ሕጉ የእሱን ድምፅ በዕጣ የፈጠረው። ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ በዚያው ጠቅላላ ምርጫ፣ በስኮትላንድ ሰሜን ምሥራቅ ፋይፍ የፓርላማ ወንበር በ2 ድምፅ ተለየ። አንድ ባልና ሚስት ማለት ነው።

በእንግሊዝ ያለን አበሾች ደግሞ በዚህ ጉዳይ ላይ የራሳችን ታሪክ አለን። በለንደን ቡና ላይ ቁጭ ብለን ስለ አገር ቤት ምርጫ እስከ እኩለ ሌሊት እንከራከራለን፤ ስለ ካውንስሉ፣ ማለትም ስለ አካባቢው ምክር ቤት፣ ምርጫ ሲነሳ "እሱ ደግሞ ምን ያደርጋል?" እንላለን። ከዚያ ሰኞ ጠዋት ስለ ቤት እርጥበት፣ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ቦታ፣ ስለ ካውንስል ታክስ ዕዳ ለመነጋገር የምንሰለፈው እዚያው ካውንስል ደጃፍ ነው። የሁላችንም ስንፍና ግን አይደለም። የኢትዮጵያም ሆነ የኤርትራ ፓስፖርት የያዘ ሰው፣ አገሮቹ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆኑ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ቢኖረውም ዜግነት እስኪያገኝ ድረስ በእንግሊዝ መምረጥ አይችልም። ሃያ ዓመት ግብር ከፍሎም ቢሆን። በስኮትላንድ ከ2020፣ በዌልስ ከ2021 ወዲህ ግን በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የውጭ ዜጋ በአካባቢ ምርጫ ይመርጣል። ግላስጎው ያለው ወንድም መርጦ፣ ሊድስ ያለችው እህቱ በአንድ ዓይነት ፈቃድ ሳትመርጥ ትቀራለች። በአንድ መንግሥት ጥላ ሥር ይህ ልዩነት ትክክል አይመስለኝም። ከጣሊያን ወይም ከስዊድን ፓስፖርት ይዘው የመጡ ወገኖችም፣ ከ2020 ማብቂያ በፊት ጀምሮ በሕጋዊ መንገድ የኖሩ ከሆነ መብታቸው እንዳለ ነው፤ ብዙዎቹ ግን ቀርቷል ብለው ትተውታል።

መብቱ ላለው ሰው ነገሩ ብዙ አይከብድም። ከምርጫው ቀን 12 የሥራ ቀን አስቀድሞ መመዝገብ ይገባል። ከ2023 ወዲህ ደግሞ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ያስፈልጋል። ፓስፖርትም ሆነ መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው የመራጭ ማረጋገጫ ወረቀት በነፃ አመልክቶ ያገኛል። መታወቂያው ጊዜው ያለፈበት ቢሆን እንኳ ፎቶው አሁንም እሱን ከመሰለ ይበቃል። ይህን የማያውቁ እናቶች ብዙ ናቸው።

ከውስጥ የሚጠብቀው ነገር ቀላል ነው። ስም ከመዝገብ ይፈለጋል፣ ወረቀት ይሰጣል። በጣውላ የተከለለች ጠባብ ቦታ ውስጥ በክር የታሰረች እርሳስ አለች። ምሽት 4 ሰዓት ሲሞላ በሩ ይዘጋል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ሰልፍ ላይ የቆመ ግን እንዲመርጥ ሕጉ ያዝዛል። ወረቀቱ ታጥፎ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ሳጥኑ ይታሸጋል፣ ወደ አዳራሹ ይጫናል። በዚያም ማዶ የቆሙት ታዛቢዎች የሁለት ቁልል ቁመት እያመዛዘኑ ይጠብቃሉ።